በአንድ እጅ የሚከፈት

ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አንድ ሕግ አላቸው፤ መሰላል ላይ አንድ እጅ ለነፍስ፣ አንድ እጅ ለሥራ። ስለዚህ የሴትየዋ ባል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የኪስ መሣሪያ ሲመርጥ በግራው የሱቁን ባንኮኒ ጨብጦ፣ በቀኙ ብቻ ነው የሚሞክረው። ፒንሳው፣ ሰንጢውና ካቻቢቴው በአንድ ላይ የሚታጠፉበት፣ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ነው።

ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» ይለዋል። የድሮው መሣሪያ «ደረቀብኝ» ብሎ ነው ሚስቱን ይዞ የመጣው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የሸሚዙን ቁልፍ እሷ መቆለፍ ከጀመረች ሰንብታለች። ሐኪም ቤት ስትለው ግን ያኮርፋል።

«ይሄ ጠንካራው ነው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አለ ባለሱቁ። ሰንጢውን ለማውጣት መጀመሪያ እጀታውን መዘርጋት ይፈልጋል። የባሏ አውራ ጣት ተንሸራተተ።

«ይሄ ይከብዳል» አለ ባሏ።

ሁለተኛው ቀለል ያለ፣ ሰንጢው በውጭ በኩል የሚከፈት ነው። ባለሱቁ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ወጣ። ባሏ ሲሞክር ባንኮኒው ላይ ወደቀበት።

«ይሄም ደረቅ ነው።»

ሦስተኛው ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ትንሽዬ ነበር። «ይሄንንስ ሕፃንም ይከፍተዋል» አለ ባለሱቁ። አላወቀም፣ ምን ያድርግ! እሱም አልተከፈተም።

«ምነው፣ የሱቅህ ዕቃ ሁሉ ዝጓል እንዴ?» ብላ ሚስቱ ቀደመች።

ባለሱቁ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ዓይኗን አየ። «ዘይት አንሶት ይሆናል፣ እናቴ» አለ።

ባሏ ወደ መደርደሪያው ዞር ሲል ሁለተኛውን አነሳች። እንዲደርቅባት ፈጣሪዋን እየለመነች በአውራ ጣቷ ገፋችው። ወዲያው ተከፈተ። ቶሎ ብላ ዘጋችው።

ያንኑ ገዙ።

በማግስቱ መሰላሉን ተሸክሞ ከበር ተመለሰ። የሚሠራው የፎቅ ደረጃ መብራት ነው። መሣሪያውን ሳያያት ዘረጋላት።

«እስቲ ክፈቺልኝ። ክፍቱን እይዘዋለሁ።»

«ኪስህን ይቀደዋል እኮ።»

«ይቅደደው።»

አትሂድ ማለት ፈለገች፤ ግን ከፈተችለት። እንዳይወጋው ስለቱን በጨርቅ ጠቅልላ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችው። እንደ ልማዷ የኪሱን ቁልፍ ልትቆልፍ እጇን ሰደደችና ተወችው። እዚያ መሰላል ላይ ማን ይፈታለታል?