የወንድሜ ሱስ በእኔ ስም

እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ይኼን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ የሚያምነኝ ስለማይኖር ነው።

የተማሪዎች ሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ከየደጃፋቸው እለቅማለሁ፣ ቀበቷቸውን አስራለሁ፣ እናቶቻቸው የተረሳውን ምሳ ዕቃ በመስኮት ያቀብሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ ግን የአረቄ መለኪያ ሳይጨብጥ ሽቦ አይጨብጥም ነበር። "ኧረ ተው" ስለው "እታለም፣ እኔ እኮ በፈለግኩ ቀን አቆማለሁ" ይለኛል። የሚፈልግበት ቀን ግን የት እንደቀረ እንጃ።

አንድ ቀን ሞቅ ብሎት መሰላል ላይ ወጣና ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አሠሪው አባረረው፤ እጮኛው "ወይ እኔን ወይ ጠርሙሱን" አለችው። ፋሻውን የምትቀይርለት ነርስ ናት፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክፍል እንዳለ ሹክ ያለችኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። በመጨረሻ እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት።

ክፍሉ ቀለሙ የተላጠ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ የሻይ ቴርሞስ አለ። ሰብሳቢው ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። "እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉን። "ከሁለታችሁ ችግሩ ያለበት ማነው?"

ወንድሜ በደህናው እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። "እህቴ ናት። እኔ እንኳ ላግዛት ብዬ ነው የመጣሁት።"

ክው አልኩ። በአንድ ቃል ላጋልጠው እችል ነበር። ግን በሩ ከጀርባው ነው፤ አንዴ ከወጣ ዳግመኛ እንደማይመለስ እንደ ስሜ አውቃለሁ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ሰዎቹ ደፋር ናት ብለው አጨበጨቡልኝ።

በየሳምንቱ ሄድን። ተራዬ ሲደርስ የእሱን ጉድ የራሴ አስመስዬ አወራለሁ፦ ጠርሙሱን ቦት ጫማ ውስጥ መደበቁን፣ ጠዋት አፍ ለመጉመጥመጥ ነው ተብሎ የሚጠጣውን። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ጆሮው ይቀላል። ጋሼ በሙያቸው ነው የሚያስረዱት፦ "የታመመ ሞተር በመንቀጥቀጡ ይታወቃል። ሰውም ቢዋሽ እጁን እዩት።" አንድ ቀን ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ "እህቴ አምሮቱ ሲመጣባት ምን ብታደርግ ይሻላል?" ብሎ ጠየቀ። የተነገረውን ቤት ገብቶ አደረገው። ይግረማችሁና ቆመለት። ክንዱ ዳነ፣ ሥራ ያዘ፣ ፊቱ ወዛ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ምን ልዋሽ፣ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከዚያ ክፍል ስወጣ ያየችኝ የአንድ ተማሪ እናት ለካ ወሬውን አዳርሳዋለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ አስጠሩኝና የሚኒባሱን ቁልፍ ተቀበሉኝ። "የልጆች ነገር ነው፣ አትቀየሚኝ" አሉ። እውነቱን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ "እንግዲያው ሰብሳቢው መጥተው ይመስክሩልሽ" አሉኝ። "አትጠጣም ካሉ ቁልፉ ያንቺ ነው።"

በሩጫ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር።

"ለጋሼ እውነቱን ንገርልኝ" አልኩት። "እንጀራዬ ነው።"

"ከሠርጉ በኋላ፣ እታለም። የልጅቷ አባት እጠጣ እንደነበር አያውቅም።" ካውያውን ኮሌታው ላይ አመላለሰ። "ደግሞ ለሠርጉ... ከኋላ ብትቀመጪ ይሻላል። ስላንቺ ሰምቷል።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ይሄን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት።

በቀጣዩ ስብሰባ ተራዬን አልጠበቅኩም። ብድግ ብዬ "እኔ ጠጥቼ አላውቅም። ጠጪው እሱ ነበር" አልኩ።

ማንም አልደነገጠም። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። "ልጄ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም አንድ ሰሞን እንደዚህ ብለናል" አሉ። "እኔ ራሴ በሚስቴ ነበር የማላክከው።"

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "ንገራቸው እንጂ።"

ተነሳ። ሊናገርልኝ መስሎኝ ነበር። ትከሻዬን አቀፈና ወንበሬ ላይ መልሶ አስቀመጠኝ፤ ትንፋሹ ንጹሕ ነበር።

"ታገሷት" አላቸው። "ከሥራ ከወጣች ወዲህ ብሶባታል።"

አጠገቤ ያለችው ሴት "አይዞሽ" ብላ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ። ከንዴቴ ብዛት እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል ሁሉም እጄን እያዩ ነበር።