ኦድኒ የወረወረችው ጓል

ጠጋ በሉማ፤ ወንበሩ ካልበቃ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ስለ ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ላውራችሁ፤ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ከነሥሩ በተቆረጠ ሣራም ጓል ስለተሠራችው።

አንድ ዓመት የሰሜኑ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ ተደረመሰ። ከዋና ከተማችን ከሬይክያቪክ የመጣው የቅርስ ሹም፣ «መልሳችሁ ሥሩት። በረዶው ሲቀልጥ ከጎበጠ ግን ከውስጥ ያለውን እንጨቷን ነቅለን ሙዚየም እንወስዳታለን» አለን።

ሁላችንም አዘንን፤ የኦድኒ ግን ባሰ። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ እዚያው ግቢ ተቀብሯል፤ በቤተ ክርስቲያኗ በር ወጥታ ከጎኑ ልትተኛ ነው ምኞቷ። «ሙዚየም ውስጥ ማን ይቀብረኛል?» ትላለች።

ጎረቤታችን ብራጊ ጉልበተኛ ነው፤ ችኩልም ነው። ጥሩ ጓል ከሚገኝበት ረግረግ በጀርባ ከመሸከም ይሻላል ብሎ ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ ካለው ደረቅ መስክ ቆርጦ በትራክተር አመላለሰ። በሦስት ቀን ግድግዳውን ደረታችን ድረስ አደረስነው።

በአራተኛው ቀን ኦድኒ ከዘራዋን ይዛ መጣች። ከላይ አንድ ጓል መዘዘችና መሬት ላይ ወረወረችው። እንደ ዱቄት ተበተነ።

«ብራጊ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጓል ነዋ!»

«አሸዋ ነው እንጂ! ሥር ከሌለው ምን ይይዘዋል? አፍርሰው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤ ተቆርጦ?»

«ወገብህስ ይድናል፤ ግድግዳው ነው የማይድነው።»

ብራጊ አካፋውን በእርግጫ አለው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ግን ማፍረስ ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው። ከዚያ ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበታችን ገብተን ቆረጥን። ኦድኒም ከየሸክሙ አንዱን ትወረውራለች፤ ዱብ ብሎ ሳይፈርስ ሲቀር «አሁን ገና!» ትላለች። ደረቅ ዓሣ በቅቤ ይዛ መጥታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለብራጊ አጎረሰችው።

ግድግዳውን በረዶ ሳይጥል ጨረስነው። በረዶው ቀለጠ፤ ሹሙም መጣ። ግድግዳው መጉበጡን ሊለካ ቱንቢውን ሲያንጠለጥል ኦድኒ ማየት አቅቷት ጀርባዋን ሰጠች፤ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛለች። ሰውዬው እስከ ጥግ ለካ። ተመልሶ እንደገና ለካ።

«ቀጥ ብሏል» አለ። «ቤተ ክርስቲያኗ አትነካም።»

ብራጊ እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ አለ። ኦድኒ እጅጌዬን ለቀቀች።

«እፎይ! እንግዲህ ለመሞት አልቸኩልም።»

አልቸኮለችም፤ ስድስት ዓመት ቆየች። በዚያች በር ስናወጣት ሳጥኑን ከፊት የያዘው ብራጊ ነበር።

ልጆቼ፣ በዚያ ስታልፉ ግድግዳውን ዳበስ አድርጉት። ያንን ያፈረስነውንም አብራችሁ አስቡልኝ፤ አደራ።