በማሽኑ ውስጥ ያልነበረው መፍቻ

ከጀርመን ጋር የነበረው ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ ውስጥ በአንድ የሱፍ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ስቴፋ የምትባል ዩክሬናዊት መጥታ ከጎኔ፣ የሱፍ ማበጠሪያው ላይ መደቧት። እንግሊዝኛዋን ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ስለለቀመችው ቃሉን እንጂ ፈሊጡን አታውቅም።

አንድ ቀን የመንግሥት የፋብሪካ መርማሪ ሲመጣ የማሽኑ ጥርሶች መከለያ እንደሌላቸው አሳየችው። መከለያ እስኪገጠም ማሽኑ ሁለት ቀን ቆመ። የባከነው ሥራ ቅዳሜ እንዲካካስ ስለታዘዘ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቅነው የባሕር ዳርቻ ጉዞ ቀረ። ሁላችንም ጥርስ ነከስንባት።

አለቃችን ሚስተር ክሌግ በሁላችን ፊት፣ “ማሽኑ ውስጥ መፍቻ የወረወርሽብን አንቺ ነሽ” አላት። እኛ ሥራ ላሰናከለ ሰው ሁሉ የምንለው ነው፤ መፍቻም ውርወራም የለበትም። እሷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። እንዳልወረወረች ደጋግማ ማለች። ጀርመኖች በግዳጅ ባሠሯት ፋብሪካ፣ ማሽን አበላሸ የተባለ ሰው ይሰቀል እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

በምሳ ሰዓት ማሽኑ ቆሞ ሳለ አዲሱን መከለያ ፈትታ፣ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ አገኘኋት።

“ኦሊቭ፣ መፍቻው ምን ያህላል?” አለችኝ።

“ትንሽዬ ናት። እጅሽን ጠለቅ አድርጊው የኔ እመቤት፣ ከታች ትሆናለች።”

ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ሳቃቸውን በእጅጌያቸው አፈኑ። በዚህ መሀል ክሌግ ከምሳ ተመልሶ በወዲያኛው ጫፍ ማስነሻውን ያዘ። እሱ አያያትም፤ እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ስሙን ለመጥራት ጊዜ ነበረኝ። ሳቄን አልጨረስኩም ነበር።

ማሽኑ ተነሣ፤ የቀኝ እጇ አራት ጣቶች ተቆረጡ።

በሳምንቱ ክሌግ እሷ የምትፈርምበት ወረቀት አስይዞ ሆስፒታል ላከኝ። ገና ከመግባቴ መፍቻው ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባባል ብቻ መሆኑን፣ ማንም መፍቻ እንዳልጣለ ነገርኳት። ከዚያ ወረቀቱን እንዳነብላት ለመነችኝ። መከለያውን በገዛ ፈቃዷ እንደከፈተች፣ እጅሽን አስገቢ ያላት ሰውም እንዳልነበረ ይላል።

“እንደዚህ ነው የሆነው?” አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

“እንደዚህ ነው።”

እስክሪብቶውን በግራ እጇ ተቀብላ፣ ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን እየተጠነቀቀች ስሟን ጻፈች።