የእታገኝ ሕግ

እታገኝ በማርያም ቀን መርፌ እንኳ አትጨብጥም። ቤቷ ትቢያ ቢለብስ መጥረጊያዋን ዞር ብላ አታያትም። አንዴ ጎረቤቷ ረድዋን በሃያ አንድ ቀን እንጨት ሲፈልጥ ሰምታ፣ «አንተ እስላም ነህ፣ ባታከብራት አልፈርድብህም፤ ግን ድምፁን ለምን ታሰማኛለህ?» ብላ ጮኸችበት። ረድዋን መጥረቢያውን አስቀምጦ ሲስቅ ዋለ። ከወሎ በአንድ አውቶቡስ ተጭነው መጥተው ጋምቤላ፣ አቦቦ የሰፈሩ ናቸውና ጠባይዋን ያውቀዋል።

የማርያም ማኅበር ሲቋቋም ሕግ ያስወጣችውም እሷ ናት፤ «በማርያም ቀን የሠራ እጅ ጽዋውን አይንካ!» የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ጋሽ አሸብር፣ ትንሽ ከረር አለ ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው!

ጋምቤላ ክልል በተባለች በሁለተኛው ዓመት፣ ጽዋው ዞሮ ዞሮ ለኅዳር ጽዮን የእታገኝ ተራ ደረሰ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። የማኅበሩ ጽዋ እሷ ቤት ሊያድር! ግድግዳዋን ለቀለቀች፤ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አጠበች።

በዓሉ ጠባ። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በሩን ስትከፍት፣ አኙዋኩ ጎረቤቷ ኡጁሉ እየሮጠ መጣ።

«እታገኝ፣ ወፍ መጣ! ትናንት የኔ ማሽላ በላ፣ ጨረሰ። ዛሬ ረድዋን ጋ ነው።»

ግሪሳ ነው። ግሪሳ ካረፈበት ማሳ ለነገ የሚተርፍ የለም። ረድዋንን ደግሞ ወባ ከጣለው አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ያንን ማሽላ ነው።

እታገኝ ደጃፏ ላይ ቆማ ቀረች። ማጭድ ከያዘች ጽዋው ቀረ፤ ተራው ተመልሶ እስኪደርሳት ሁለት ዓመት ነው። ሕጉን ያወጣው ሌላ ሰው ቢሆን ትረግመው ነበር፤ አሁን ማንን ትርገም?

«እመቤቴ፣ በስደትሽ ጊዜ ልጅሽን ያበላው ሰው መጀመሪያ ቀኑን ቆጥሮ ነበር?» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች።

ኡጁሉ ጣሳ እየቀጠቀጠ ወፉን ያባርራል፤ እሷ የማሽላውን ራስ ትቆርጣለች። ረድዋን ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ማሳው ዳር ካለው ቤቱ ብቅ ብሎ አያትና ዓይኑን ማመን አቃተው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ማርያም አይደለችም እንዴ? ማጭዱን ጣዪ!»

«ሂድ ተኛ! እኔ ድምፁን አላሰማህም!»

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ቢጠብቅ ቢጠብቅ እታገኝ የለችም። ፈልገው ማሳው ዳር ሲደርሱ ጋሽ አሸብር በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ታቅፈው ከፊት ናቸው። እታገኝ ማጭዷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ እንባዋ መጣ።

«ሕጉን አውቀዋለሁ ጋሼ። ለተከታዩ ስጡት።»

ሽማግሌው ሰማዩን ያጠቆረውን ወፍ አዩ፤ ብቻዋን የቆረጠችውን ክምር አዩ። ጽዋውን ማንጎው ሥር አስቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ምን ቆማችኋል? ማጭድ አምጡ እንጂ!»

ነጭ በነጭ የለበሰ ማኅበርተኛ እየዘመረ ማሽላው ውስጥ ገባ። አቦቦ እንዲህ ያለ በዓል አይታ አታውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ላይ አንድ ራስ አልቀረም፤ ግሪሳውም ተስፋ ቆርጦ ወደ አልዌሮ ወንዝ ነጎደ።

ያኔ ሌላ ጣጣ መጣ። ጽዋውን ማን ያንሳው? እጁ ያልሠራ የለም። ሁሉም መዳፍ መዳፉን ያይ ጀመር።

«አንድ ሰው አለ» አሉ ጋሽ አሸብር ደጃፉ ላይ ወደተቀመጠው ረድዋን ዞረው። «ዛሬ እጁ ምንም አልሠራም።»

ረድዋን ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረገ። «ጠላ የለበትም አይደል?»

«ባዶ ነው።»

ብድግ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ አንሥቶ እታገኝ ፊት ቆመ። እሷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«የኔ እጅማ...»

«እኔ ሕጋችሁን አላውቅም። ማርያም ግን ይህን እጅ የምትጠላ አይመስለኝም። በይ ተቀበይኝ፣ ሊወድቅብኝ ነው!»

እየሳቀችም እያለቀሰችም ተቀበለችው። እልልታውን የጀመረችው አራሷ ናት፣ ከቤት ውስጥ ሆና። እታገኝ ፀጉሯ ገለባ እንደለበሰ ጽዋዋን ታቅፋ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስከትላ ወደ ቤቷ ገባች።

ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። እታገኝ ግን በነጋታው ጋሽ አሸብር ዘንድ ሄዳ አንዲት ቃል አስጨምራበታለች፤ «በማርያም ቀን ለራሱ የሠራ እጅ ጽዋውን አይንካ።»