ከጠረጴዛ የተባረረው ኮምፒውተር

ሬዲዮ ጠጋኙን ሰፈርተኛው ሁሉ «ፊውዝ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ኮምፒውተሩ ነው፤ ማብሪያውን በተጫነ ቁጥር የመንደሩ መብራት ድርግም ይል ስለነበር፣ በየቤቱ በጨለማ የተቀመጠው ሁሉ «አይ፣ ፊውዝ አብርቶ ነው» እየተባባለ ይጽናና ነበር። አንዴማ የጎረቤት ድመት በዚያ ጨለማ ከአይጥ ጋር ተጋጭታ፣ ሁለቱም ይቅርታ ተጠያይቀው ተለያዩ ይባላል። ይህን ያወራው ራሱ ፊውዝ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ማመን ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ከሱቅ የተገዛ እንዳይመስላችሁ። ፊውዝ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ፣ ኮምፒውተር ገና ፊደል ይቆጥር በነበረበት ዘመን እንደነበረው አድርጎ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ስክሪኑ ትንሽ አሮጌ ቴሌቪዥን ናት፤ አረንጓዴ እንጂ ሌላ ቀለም አታውቅም። ፕሮግራሙን የሚጭነው ከቴፕ ካሴት ሲሆን፣ ካሴቱ ሲዞር ጭራው እንደተረገጠ ድመት ይንጫጫል። ያን ሁሉ ተንጫጭቶ የሚያመጣውም አንዲት የጨዋታ ትል ናት። ትሏ ነጥብ ትበላለች፣ ትረዝማለች፣ ግድግዳ ገጭታ ትሞታለች። በቃ። «ሌላስ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ፊውዝ እስከ ዛሬ አኩርፎታል።

ችግሩ ቤቱ ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሽቦውን ዘርግቶ፣ ቴፑን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ባላባት ተንጣሎበታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጠረጴዛዋን ከተቀማች ወዲህ ጨርቅ የምትቆርጠው አልጋ ላይ ነው፤ አልጋው ደግሞ መሀሉ ስርጉድ ያለ ስለሆነ ባለፈው የሰፋችው ኮት አንዱ እጅጌ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለታላቅ ወንድሙ የተሠራ ይመስል ነበር።

ይህን ኮት ያየችው የትምህርት ቤቱ የመዘምራን መሪ ናት። ዓርብ ዕለት መጣችና አልጋውንም ጠረጴዛውንም በዓይኗ ለካች።

«የልጆቹን ካባ ሁሉ ለእርስዎ ልሰጥ አስቤ ነበር» አለች ለሚስትየው። «ግን መዘምራኑ አንድ እጃቸው አጥሮ እንዲቆሙ አልፈልግም። ሰኞ ጨርቁን ይዤ እመጣለሁ። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ አስረክባለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ሰፊ ጋ እወስደዋለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ ሚስትየው ወደ ፊውዝ ዞረች። ሳትጮህ ተናገረች፤ ብትጮህ ነበር የሚሻለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሥራ አላጣውም። ሰኞ ቆራሌው በዚህ ያልፋል። ዕቃህን ጠረጴዛዬ ላይ ካገኘሁት ለእሱ ነው የምሰጠው። እሺ ካለኝ ደግሞ አንተንም እመርቅለታለሁ።»

ፊውዝ ገና መላ አላሰበም ነበር። አፉ ግን ከሐሳቡ ቀደመ።

«ላፕቶፕ አደርገዋለሁ» አላት።

«ምን?»

«ከጠረጴዛ ወርዶ ጭን ላይ የሚቀመጥ። እንደ ሻንጣ የሚከፈት፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ።»

«ይሄን?» አለች ክምሩን እያየች። «እሱን ከምታሳንስ ጭንህን ብታሰፋ ይቀልሃል።»

ፊውዝ ይህን እንደ ምርቃት ቆጥሮ ኮምፒውተሩን በየተራ ተሸክሞ ወደ ጓደኛው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አጋዘው። ሣጥን ያስፈልገው ነበር፤ የሚስቱን የስፌት መኪና የእንጨት ሣጥን አሰበ። «አቧራ ከሚጠጣ» አለ ለራሱና ወሰደው። ክዳኑን በማጠፊያ አያይዞ ቴሌቪዥኗን ክዳኑ ውስጥ ገጠማት፤ ጀርባዋ አልገባ ቢለው ክዳኑን ቀደደው፣ የግመል ሻኛ መስላ ወደ ውጭ ቀረች። የፊደል መምቻውንና የካሴት ቴፑን ከታች አጋደመ። ክዳኑ ሲከፈት ከልክ በላይ ወደ ኋላ እንዳይለጠጥ የሚይዘው ጥብጣብ ቢፈልግ፣ ሚስቱ ስትሰፋ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የልኬት ሜትር ትዝ አለው። እሱንም ሳታየው ከቤት አምጥቶ በኮላ ለጠፈው።

«ይሄ የሚስትህ አይደለም እንዴ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔስ የማን ነኝ?» አለ ፊውዝ።

ሲከፍተው ግን ቴሌቪዥኗ ከበደችና ሣጥኑ እንዳለ ወደ ኋላ ተገነደሰ። ደግሞ ከፈተው፤ ደግሞ ተገነደሰ።

«ከፊት ክብደት ይፈልጋል» አለ ፊውዝ። «ከባድ፣ ዝርግ፣ የሚተኛ ነገር።»

ወደ ቤት ብቅ አለ። ሚስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ጠረጴዛውን በሳሙና ትፈገፍጋለች። ካውያዋ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ፊውዝ «ደህና ዋልሽ» ብሎ ገብቶ «ደህና ዋይ» ብሎ ሲወጣ ሆዱ ትንሽ አብጦ ነበር።

ካውያው እጀታው ተነቅሎ እንኳ ሣጥኑ ውስጥ አልገባ አለ። ፊውዝ የሣጥኑን ወለል ቀዶ የካውያውን ገጽ ወደ ውጭ አወጣውና ዙሪያውን ኮላ አፈሰሰበት፤ የልጅ ልጅ እንኳ እንዳይነቅለው። የኤሌክትሪክ ገመድ ሲያጣ ደግሞ የካውያውን የራሱን ገመድ አየና ደስ አለው። ኮምፒውተሩን ከዚያው ገመድ ቀጠለው። ካውያውን ከገመዱ መነጠል ግን ትዝም አላለው፤ እሱ ዘንድ ካውያው ከእንግዲህ ካውያ አይደለም፣ ክብደት ነው።

በፀጉር አስተካካዩ የእብነ በረድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ሶኬት ሰኩ። ትሏ እስክትመጣ ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«አንተ ፊውዝ፣ አልጋለም ይሄ ነገር?»

«ሲያስብ ይሞቃል» አለ ፊውዝ። «አንተ አስበህ ስለማታውቅ ነው።»

ሰኞ ደረሰ። የመዘምራን መሪዋ ጥቅል ጨርቅ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ፊት ያሳያል። ሚስትየው ጠዋት ደግማ ስትፈገፍገው ያፈሰሰችው ውሃ ወለሉ ላይ ገና አልደረቀም። መሪዋ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተች።

«ይሄ ጠረጴዛ ነው» አለችና ጨርቁን አሳረፈች።

ጥግ ወንበር ላይ ፊውዝ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ከፍቶ እንደ ሹም ተቀምጧል። ካሴቱ ይንጫጫል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች መሪዋ።

«ላፕቶፕ ነው እመቤቴ። ትንሽ ይታገሱት፣ ትል እያመጣ ነው።»

ሚስትየው አንገቷን ዳበሰች። መሳቢያ ከፈተች፣ ዘጋች። «ሜትሬን ማን አየው?» አለች። ፊውዝ ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ተከለ። እሷ መስኮቱ ጋ ሄደች። «ካውያዬስ? ጨርቁ እንዲህ ተጨማዶ እንዴት ይቆረጣል?»

ፊውዝ ይህን ጊዜ ጭኑ ለብ አለው። መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። ቀጥሎ ደስ ማለቱን ተወ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሙቀት የሚያውቁት ዳቦ ጋጋሪና ዳቦ ብቻ ናቸው። ሣጥኑን መሬት እንዳያወርደው ወለሉ ውሃ ነው፣ ዕቃው ኤሌክትሪክ ነው። ጠረጴዛው ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበታል፤ ግን እዚያ ካሳረፈው ካባውም ሄደ፣ ኮምፒውተሩም ሄደ። ጥርሱን ነከሰ። ላቡ ከግንባሩ እየተንከባለለ ፊደሎቹ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«የሚቃጠል ሱፍ ይሸተኛል» አለች መሪዋ።

«እ... እያሰበ ነው» አለ ፊውዝ በቀጭን ድምፅ።

ከዚህ በላይ አልቻለም። ሣጥኑን አቅፎ ብድግ አለ። ሱሪው ላይ በግራ ጭኑ ግማሽ፣ በቀኝ ጭኑ ግማሽ ሦስት ማዕዘን ታትሟል፤ ጉልበቱን ቢገጥም አንድ ሙሉ ካውያ ይወጣው ነበር።

ሚስትየው ሱሪውን አየች። ጎንበስ ብላ ሣጥኑን ከሥር አየች። ቀና ስትል ከክዳኑ ጎን የተወጠረውን ሜትሯን አየች። ካሴቱ መንጫጫቱን ጨረሰ። መሪዋ ቀስ ብላ እጇን ወደ ጨርቁ ሰደደች፤ ልታነሳው ነው።

«ቆይ» አለች ሚስትየው። ጨርቁን ዘረጋች፣ ውሃ እፍ እፍ አለችበት። «ና ወዲህ።»

«እኔን ነው?» አለ ፊውዝ።

«በሁለት እጅህ ያዘው። ጨርቁ ላይ አሳርፈህ ግፋ። ከቆምክ ያቃጥላልና እንዳትቆም።»

ፊውዝ ገፋ። እንፋሎቱ ሽው አለ። ያ ሁሉ ክብደት፣ ቴሌቪዥኗም ሽቦውም ትሏም አንድ ላይ ተጭነው ሲያልፉበት የጨርቁ ጭምዳድ እንደ ተቆጡት ልጅ ፀጥ ብሎ ተኛ። ሚስትየው ሣጥኑን ወዲያና ወዲህ እየሳበች በተለጠፈው ሜትር ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ መቀሷን አነሳች። ሁለት እጅጌ ቆርጣ አነባብራ አሳየች። አንድ ክር እንኳ አልተበላለጡም።

መሪዋ እጅጌውን አየች፤ ሻኛ ያለው ሣጥን ታቅፎ የሚያልበውን ሰውም አየች።

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ጠረጴዛው ነው» አለች። «ስለ ባልዎ አልጠየቅሁም።» ጨርቁን ትታ ወጣች።

እሷ ከመውጣቷ የቆራሌው ጩኸት ከመንገድ ተሰማ፤ እየቀረበ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ ብለሽኝ አልነበር?»

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ዞረች። ፊውዝ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ያያታል።

«ኮምፒውተር የለኝም» አለች ለቆራሌው። «ያለኝ ካውያ ነው። እሱንም አልሸጥም።»

በሩን ዘጋች። ፊውዝ ግማሹ በደስታ ሊዘል፣ ግማሹ በውርደት ሊቀመጥ ፈለገ።

«ካውያ?» አለ። «ይሄን የመሰለ ላፕቶፕ፣ ካውያ?»

«እንግዲህ ሜትርም ነው ብዬልሃለሁ። ግፋ፣ ቀጣዩ ቀርቧል።»

ገፋ። መዳፉ ፊደሎቹ ላይ አርፎ ኖሮ በወዘወዘው ቁጥር ትሏ ስክሪኑን ወዲያ ወዲህ ዞረችው፤ ነጥብ በላች፣ ነጥብ በላች፣ አንድም ግድግዳ ሳትገጭ ስክሪኑን ልትሞላው ደረሰች።

«አንቺ፣ ትሏን እያት እንጂ» አለ ፊውዝ። «በሕይወቷ እንዲህ ረዝማ አታውቅም።»

ሚስትየው ከመቀሷ ቀና አላለችም።

«እሷ ትርዘም» አለች። «እጅጌዎቹ ብቻ እኩል ይሁኑልኝ።»