የ«አግዳሚ» ትርጉም በሦስት መስመር

ሦስት መስመር ጽፌ አስገባሁ፤ አሥራ ሰባት ገጽ ሆኖ ተመለሰልኝ።

የምሠራው መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ነው። ሰው በታክሲና በገበያ የሚያወራቸውን አዳዲስ ቃላት እየለቀምኩ በካርድ ላይ አሰፍራለሁ። የዚያን ሳምንት ካርዴ «አግዳሚ» ነበር። መቀመጫውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ድሮም መዝገቡ ውስጥ አለ። እኛ ከተማ ግን ብዙ ተደክሞበት ለማንም ያልበጀ ሥራ ሁሉ አግዳሚ ይባላል። ትምህርት ቤቱ በር የሌለው ሰገነት ሲያወጣ አግዳሚ ተባለ። ጎረቤታችን ለሁለት ዶሮ ባለ ፎቅ ቤት ሲሠራ ሚስቱ ራሷ «አግዳሚህን ጨረስክ?» አለችው።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያመጣችው አክስቴ ናት።

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ጉልበቷ የደከመ ሴት ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አውቶቡስ ቆሞ መጠበቅ ሲያቅታት፣ ፌርማታው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ይደረግልን ብላ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተች። ማመልከቻው ጥሩ አቀባበል አገኘ፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። እዚያ ቤት የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያከብረው ደንብ አለ፤ የፈረመ ሰው አንድ ነገር መጨመር አለበት። ምንም ሳይጨምር የፈረመ፣ ሳያነብ ፈረመ ተብሎ ይታማል። የመጀመሪያው ፈራሚ ለወንበሩ ጣሪያ ጨመረ። ሁለተኛው ለጣሪያው ግድግዳ፣ ሦስተኛው ለግድግዳው ሰዓት፣ አራተኛው፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ፏፏቴ። ስምንተኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «የመንገደኞች አገልግሎት ማዕከል» የሚባል ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ሆኖ ነበር። ሕንጻው ቦታውን ስለያዘው ፌርማታው ወደ ዳገቱ ጫፍ ተዛወረ። ወንበሩ ግን አልተሰረዘም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አለ። ሊፍት የለም።

ሕዝቡ ሕንጻውን «አግዳሚ» እያለ መሳቁ ባልከፋ። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈው ሲወራ ግን አክስቴን «የአግዳሚዋ እመቤት» አሏት። ዳገቱን እያነከሰች ስትወጣ ሾፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ፣ እማማ፣ ዘንድሮስ ምን ሊያሠሩብን ነው ይሏታል። ባለፈው ዓመት የሰፈር ስብሰባ መሄድም ተወች። ቃሉ መዝገብ ሊገባ ነው ስላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበር እንጂ ሌላ እንዳልጠየቀች ይጻፍልኝ አለች። እሺ አልኳት። ጻፍኩም፦

«አግዳሚ፦ ብዙ ተደክሞበት ለማንም ያልበጀ ሥራ።
መነሻው፦ አንዲት ልብስ ሰፊ ለአውቶቡስ ፌርማታ አንድ ወንበር ጠየቀች።
የጠየቀችው ያንን ብቻ ነው።»

የእኛም ቤት ፈራሚዎች ከማዘጋጃ ቤቶቹ አይሻሉም። የመጀመሪያው፣ ቃል ባየ ቁጥር ሥሩን ካልቆፈረ እንቅልፍ ስለማይወስደው «ሥሩ» የምንለው ባልደረባችን ነበር፤ ሰባት ገጽ ቆፈረ። ዋና አዘጋጁ መግቢያና «የአግዳሚ ዓይነቶች» የሚል ምዕራብ ጨመረ። የሕግ አማካሪው ደግሞ ለጥንቃቄ ሲል ከኔ ሦስት መስመሮች ሥር የግርጌ ማስታወሻ አኖረ፦ «ሕንጻውን ያሠሩት እኚሁ ሴት ናቸው የሚሉም አሉ።»

ይህን ያየሁት ወደ ማተሚያ በሚገባበት ቀን ጠዋት ነው። የባሰው ነገር፣ አክስቴን ያንኑ ቀን መጥታ እንድታየው ጋብዣት ነበር። የክት ጫማዋን አድርጋ፣ መነጽሯን ወልውላ መጣች። ዋና አዘጋጁ ደስ ብሎት ወንበር ሳበላትና ከመግቢያው ጀምሮ ያነብላት ጀመር። አራተኛው ገጽ ላይ አቋረጠችው።

«እኔ የት ነኝ?»

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እንዳለች ነግሯት አነበበላት፤ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር። አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ፊቷን ሲያይ ደንግጦ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እትዬ፣ አይዘኑ። እርስዎ እንዳላሠሩት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ እንጨምራለን።»

«አይጨምሩልኝ ወንድሜ። ይሰርዙልኝ።»

መጨመሪያ ፎርም እንጂ መሰረዣ ፎርም እንደሌለን በትሕትና አስረዳት። ሥሩም በዚህ ቤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል ተሰርዛ እንደማታውቅ መሰከረ፤ በኩራት።

«መሰረዝ ክልክል ነው የሚል ፎርምስ አላችሁ?» አለች አክስቴ።

ሦስቱም ተያዩ። የሕግ አማካሪው የደንቡን ፋይል አውርዶ ያገላብጥ ጀመር። እሱ ማውጫው ላይ ሳለ እኔ ገጽ አሥራ ሁለትን አወጣሁና ከሦስቱ መስመሮቼ በቀር ያለውን ሁሉ በቀይ ሰረዝኩ። የቀሩትን አሥራ ስድስት ገጾች መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ፣ ከጽሑፍ ትርፉን መቁረጥ ነበር፤ እስከዚያን ቀን ሥሪው ያለኝ አልነበረም።

ዋና አዘጋጁ ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አውቃለሁ አልኩና ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩት። ማተሚያ ክፍሉ የሚቀበለው የእሱ ፊርማ ያለበትን ብቻ ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

ወረቀቱን አየ። አክስቴን አየ። ፈረመ። ከዚያ እስክሪብቶው ከፊርማው ላይ ተነስቶ ባዶ ቦታ ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ» አለ፣ እንደ መለመን ብሎ።

አክስቴ ወረቀቱን ከእጁ ሥር ሳብ አደረገችው። ማተሚያ ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በኮሪደሩ መጨረሻ፣ በግራ አልኳት። ሥሩ አንድ ነገር ሊል ከወንበሩ ሲነሳ፣ እሷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወጥታ በሩን ዘጋችው።