በሳሎንና በመኝታ ክፍል መካከል የቆመው የባቡር ማቋረጫ

አዲሱ አስፋልት አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ደፍኖ ባለፈ ማግስት፣ «ቁም፤ ባቡር» የሚለው የማቋረጫ ምልክት ከነዝገቱ ከቦታው ተነሣ፤ ድሬዳዋን በእግሩ አቋርጦም ወይዘሮ አረጋሽ ቤት ገባና በሳሎኑና በመኝታ ክፍሉ መካከል ቆመ።

ወይዘሮ አረጋሽ ባላቸው አቶ ገዛኸኝ ያመጡት መሰላቸው። ሁለቱ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። የሚስታቸው ታናሽ እህት የሞተች ዕለት አቶ ገዛኸኝ ቡል የሚባለውን የብረት ኳስ ጨዋታ ሲጫወቱ ውለው ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የሚያድሩት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው።

«ይሄን ብረት አንሣልኝ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። ከኩርፊያው በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ራሱ ነው የገባው። ደግሞ እግሩን ጠርጎ ነው» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩ መጣ። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ገባ፣ ቡፌውን ታክኮ አለፈ፣ በጓሮ ወጣ። አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። ወይዘሮ አረጋሽን ቅር ያላቸው ነጂው፣ ሰው ቤት ገብቶ እንደምን ዋላችሁ አለማለቱ ብቻ ነው።

መንገዱን የሚሠራው መሐንዲስ ተጠርቶ መጣና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እማማ፣ መንገዱ ተቀይሯል። ባቡሩም በሆነ ቦታ ማለፍ አለበት» አላቸው። የበሩን ደፍ ነጭ ቀለም አስቀብቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ በመጣ ቁጥር ባልና ሚስት ወዲህና ወዲያ ሆነው ይጠብቃሉ። በር ዘግቶ መቀመጥ ይቻል ነበር፤ ምልክቱ ግን ቁም ስለሚል ይቆማሉ። በፉርጎና በፉርጎ መካከል ያለው ክፍተት ፊት ለፊት ለመተያየትና ሁለት ሦስት ቃል ለመወርወር ይበቃል።

አንድ ቀን ወይዘሮ አረጋሽ «ለምን ቀረህ?» አሉ።

ፉርጎ አለፈ።

«ፈርቼ።»

ፉርጎ አለፈ።

«ምኑን?»

የሚቀጥለው ፉርጎ ከብት የጫነ ነበር። ወይዘሮ አረጋሽ በዕድሜያቸው እንደዚያ የሚንቀራፈፍ ነገር አላዩም።

«አንቺ ስታለቅሺ ማየት።»

ባቡሩ አልቆ ወጣ። ወይዘሮ አረጋሽ እንደ ደንቡ ግራና ቀኝ አይተው ተራመዱ። አቶ ገዛኸኝም ከወዲያ ተራመዱ። መሃል ላይ ተገናኙ።

«ቡሉን ግን አሸነፍክ?»

«ተሸነፍኩ።»

«ደግ አደረጉ» አሉና የባላቸውን እጅ ያዙ።

ያኔ ከወጥ ቤቱ በኩል ሌላ ባቡር ያለ ድምፅ ገብቶ አጠገባቸው ቆመ። መብራት አልነበረውም፤ ነጂም አልነበረውም። በአንዱ መስኮት ሟቿ ታናሽ እህት አቀርቅራ ተቀምጣ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ቀና ሳይሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ጠጋ ጠጋ አሉና ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ።